ከፈን አይዘመዘምም

ረጀብ 6፣ ማክሰኞ

…ውሃውን በክርኔ ለካሁት፣ ሕፃን እንደሚታጠብ፣ ለብ ያለ ነበር፣ እማማ ካፉር ጭንቅላቷን ደግፈው ይዘዋል፣ እኔ ከቀኝ ጀምሬ ወደ ግራ ዞርኩ፣ የግራ ክንዷን ሳነሳ…

አይደለም። ከዚያ በፊት ነው ያየሁት። ክንዷን ሳነሳማ አውቄው ነበር። ለማረጋገጥ ነው ያነሳሁት።

ከብብቷ በታች አንድ ቢጫ። ጎኗ ላይ ወደ አረንጓዴ የሄደ። ጀርባዋ ላይ ገና ሐምራዊ። አንገቷ ሥር በአንድ በኩል አራት ትንንሽ፣ በሌላው በኩል አንድ። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀች ነው የተባለው። የሐኪሙም ወረቀት እንደዚያ ይላል። ሰው ግን የሚያዳልጠው አንድ ጊዜ ነው። በሦስት ቀለም አያዳልጠውም።

እማማ ካፉር ከራስጌዋ ወደ ጎኗ ዞሩ። (ስማቸው ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞቱ ሴቶችን በካፉር ውሃ ሲያጥቡ ሽታው ስም ሆኖባቸው ቀረ።) ጎኗን በጓንታቸው ሲያሹ እጃቸው ቆመ። እንደገና ሄደ። እንደገና ቆመ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ በዚያ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው።

በሩ ተመታ። የሟቿ ልጅ ናት፣ የአራት ዓመት። ማን ብቻዋን እንደተዋት አላውቅም። በመዳፏ እየመታች፣

«እማዬን እያጠባችኋት ነው?» አለች።

እንደገና መታች።

«ሳሙና ዓይኗ ውስጥ እንዳታስገቡ። ታለቅሳለች።»

እማማ ካፉር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ አላዞርኩም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ፀጉሯን ሦስት ቦታ ጎነጎንኩት። መንጋጋዋን በጨርቅ አሰርኩት። አምስቱን ነጭ ጨርቅ አለበስናት። ጨርቁ ከባሏ ሱቅ ነው። የመስጂዱ ከፈን ሁሉ በነጻ ከእሱ ሱቅ ነው የሚመጣው፣ በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ።

አጣቢ ያየችውን ከውሃው ጋር ታፈሳለች። መጀመሪያ የተማርኩት ይህን ነው። ባሌ ፈትቶኝ በአንድ ሻንጣ እዚህ ግቢ ስገባ፣ ክፍሉንም ሥራውንም የሰጡኝ እማማ ካፉር፣ ይህንንም እሳቸው አስተማሩኝ። የሙትን ነውር የሸፈነ እሱም ይሸፈንለታል።

አፍስሼዋለሁ። ታዲያ ለምን እጽፋለሁ።


ረጀብ 7፣ ረቡዕ

ባልየው፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ መጣ። ጫማውን አውልቆ የክፍሌ ደፍ ላይ ቆመ፤ አልገባም። ጨዋ ነው።

«እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ።»

«አላህ ይዘንላት።»

«አሜን። አልከበደችባችሁም?»

«ቀላል ነበረች።»

የበሩን መቃን በጥፍሩ ፋቀው። ቀለሙ ተላጠ።

«እርስዎ አማና የሚያውቁ፣ አደራ የማይበሉ ሰው ነዎት ይላሉ። ሁሉም ይላል።»

«ሥራዬ ነው።»

ሄደ። የተላጠው ቦታ የጥፍር ያህል ነው። ዛሬ አምስት ጊዜ አየሁት።


ረጀብ 11፣ እሑድ

ከዙህር በኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲህ። ምንጣፍ እየጠረግሁ የሰማሁት፦

«ሳምንት እንኳ አልሞላት፣ ይኸው ሚስት እየፈለጉለት ነው አሉ።»

«ወንድ ዒዳ የለውማ፣ እህቴ። እኛ ባል ሲሞትብን አራት ወር ከአሥር ቀን ግድግዳ እናያለን። እነሱ ከቀብር ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ አያራግፉም።»

«ልጅቷን ማን ያሳድግለት ታዲያ፣ ጥቅል ጨርቁ?»

«ለእኔ ቢልክ እሺ ነው የምለው» አሉ አንዲት ሰባ ያለፋቸው። «ጥርስ ነው የሌለኝ እንጂ ልብማ አለኝ።»

መስጂዱ በሳቅ ተናጋ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ሳቅሁ። መጥረጊያውን ይዤ ሳቅሁ።


ረጀብ 17፣ ቅዳሜ

እህቴ መጣች። እዚህ ስትመጣ ሁልጊዜ ከደጅ ትቆማለች፤ የካፉሩን ሽታ አትወደውም። ዛሬ ገብታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው የሆነ ነገር እንዳለ ያወቅሁት።

«ደስ ይበልሽ! ጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ ላከ።»

«ለማን?»

«ለማን ትላለች! ለእኔ ነዋ!» ጭኗን መታች። «ለልጄ ነው እንጂ፣ አንቺ ደግሞ። ከጾሙ በፊት ይለቅ ብለዋል። ኒካሁ ሻዕባን አሥራ ሰባት።»

የእህቴ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ጥርሷ ቆንጆ ሆኖ ሳለ።

እህቴ ስለ ቤቱ አወራች። ከሱቁ በላይ ሦስት ክፍል። መታጠቢያ ቤቱ ሸክላ የተነጠፈበት፣ ሙቅ ውሃ ያለው። መታጠቢያ ቤቱን ስታነሳ ፊቷን አየሁት። ምንም የለበትም። ደስታ ብቻ።

«አንቺን ደግሞ አነሱሽ እኮ፣» አለች። «መስጂድ ግቢ የምትኖር አክስት አላት ተባለ። ለካ አንዳንዴ ትጠቅሚያለሽ።»

ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንቺ አጥበሻታል፣ እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ምን ሰማሽ፣ እንደዚህ የመሰለ። አልጠየቀችም። ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች። ሽታው እንዳይይዝባት ይሆናል።

ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር።

እነግራት ነበር መሰለኝ።


ረጀብ 18፣ እሑድ

በሴቶቹ በኩል የጥያቄ ሳጥን አለ። ሴቶች ያለ ስም ጽፈው ይከታሉ፤ ኢማሙ ሐሙስ ሐሙስ ከዐሱር ሶላት በኋላ በድምፅ ማጉያ ይመልሳሉ። አብዛኛው ስለ ጥፍር ቀለምና ስለ አማት ነው።

በግራ እጄ ጻፍሁ። አጣቢ በሙት ገላ ላይ ያየችው ነገር የቆመ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ምን ታድርግ? ወረቀት ስላጣሁ ከጥቅሉ ላይ ቀደድሁ።


ረጀብ 22፣ ሐሙስ

መለሱ።

መጀመሪያ ስለ አማት። ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ።

«አጣቢ ያየችውን መሸፈን አለባት፤ ይህ አማና ነው። ነገር ግን ሰው ሊጋባ ሲል ስለሚያገባው ሰው ቢጠይቃችሁና ጉዳት የምታውቁ ከሆነ፣ ዝምታው አማና መሆኑ ይቀርና ክህደት ይሆናል። ዝርዝር አያስፈልግም። 'ይህ ሰው አይሆንሽም' ማለት ይበቃል። የሚጠይቅ ባይኖር ደግሞ…»

የቀረውን አልሰማሁም። ባልዲ መሙላት ነበረብኝ። ቧንቧውን ስከፍት ብዙ ይጮኻል።

ከተጠየቀች ነው ያሉት። ከተጠየቀች።


ረጀብ 23፣ ዓርብ

እማማ ካፉር ከጁምዓ በኋላ የማጠቢያ ክፍሉን ቁልፍ ለመውሰድ መጥተው ቁጭ አሉ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው አልተነሱም።

«ጠየቅሽ። ተመለሰልሽ። ታዲያ?»

«እኔ አይደለሁም የጠየቅሁት።»

«ዓይኔ ነው የደከመው ልጄ፣ ጆሮዬ አይደለም። እዚህ አጥቢያ ሁለት አጣቢ ነው ያለው። እኔ መጻፍ አልችልም።»

የባልዲዎቹን ክዳን አስተካከልሁ።

«የእህትሽ ልጅ ናት» አሉ። «እዚህ ወለል ላይ ነው ዳዴ ያለችው።»

«ሳልጠየቅ እንዴት ብዬ ልናገር እማማ? ኢማሙ ራሳቸው ከተጠየቀች ነው ያሉት።»

«ከዚያ በኋላ ያሉትንስ?»

«አልሰማሁም።»

«ቧንቧው ይጮህ ነበር» አሉ። ሲናገሩ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ጥሩ ፈገግታ አልነበረም። «እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እርስዎ ምን አይተው?»

ይህን ለምን አልሁ። አሁን ሳስበው ከአፌ የወጣው እንደ ሐዘኔታ ነበር፣ እንደ አሳቢ ሰው። እርስዎ ምን አይተው፣ እማማ፣ በዚያ ዓይንዎ።


ረጀብ 25፣ እሑድ

ነገሯት።

እህቴ ግቢውን በጩኸት ሞላችው። «ሙት አሚ! እርጉም! ልጄ ላይ ቀናችባት!» ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ያያሉ። እማማ ካፉር ውዱእ ላይ ነበሩ። እግራቸውን አጥበው ሳይጨርሱ አልተነሱም።

ከዚያ እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ አብረሻት አልነበርሽም? ምንም አላየሁም በያቸው እንጂ!»

ይህ ጥያቄ አይደለም። ስንት ጊዜ አሰብሁበት። በያቸው እንጂ፣ ነው ያለችው። ጥያቄ አይደለም።

ነገሩ ወደ ኮሚቴ ሄደ። ነጋዴው ራሱ አመለከተ። የሚስቴ ስም ከነከፈኗ ጎደፈ ብሎ።


ረጀብ 28፣ ረቡዕ

ረጅም ቀን። እንደሆነው ልጻፈው።

የኮሚቴው ክፍል ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ ነው። ስድስት ወንበር፣ አንዱ እግሩ የላላ። የላላው ላይ እኔ ተቀመጥሁ። ኢማሙ ጥግ ላይ፣ ሰብሳቢው መሐል፣ ነጋዴው ከበሩ አጠገብ መሐረብ ይዞ። ያለቅሳል። የእውነቱን ነው የሚያለቅሰው፤ ይህን መካድ አልችልም። እህቴ ደግሞ አጠገቡ፣ እንደ አማት።

ሰብሳቢው ትሑት ሰው ነው። ሲናገር ጠረጴዛውን ይዳብሳል።

«እማማ፣ ዓይንዎን ሐኪም አይቶታል?»

«አይቶታል።»

«ምን አለ?»

«ሞራ ነው አለ።»

«እንግዲህ…» ጠረጴዛውን ዳበሰ። «በሞራ ዓይን፣ በእንፋሎት ክፍል ውስጥ…»

«ሞራው ዓይኔ ላይ ነው ልጄ፣ እጄ ላይ አይደለም። እኔ ሙት የማጥበው በእጄ ነው። የዚያች ልጅ ጎድን ከመዳፌ ሥር ገብቶ ወጥቷል። ሁለት ቦታ። ወድቃ ነው ካላችሁ ይሁን። አንገቷን የያዘው ግን ጣት ነው፤ ወለል ጣት የለውም።»

ነጋዴው ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ። እህቴ «አስተግፊሩላህ» አለች፣ ሦስት ጊዜ።

ኢማሙ ቀና አሉ። እኔን አዩ።

«እህቴ፣ አንቺ አብረሽ ነበርሽ። በአላህ ፊት ነው የምጠይቅሽ። ምን አየሽ?»

ተጠየቅሁ።

ወንበሩ ተንገጫገጨ። አስታውሳለሁ፣ እግሬን አጥብቄ መሬት ላይ ተከልሁ እንዳይንገጫገጭ። እህቴን አየኋት። እህቴ አንገቷን አስግጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የሆነ ነገር እየጠበቀች። እኔን እየጠበቀች! ሁለት ቃል በአፌ ውስጥ ነበር፤ የትኛውን ብተፋው እሷ ላይ እንደሚያርፍ አሰብሁ።

«ውሃ ነበር» አልሁ። «እንፋሎት ነበር። የተለየ ነገር አላየሁም። እማማ… ባለፈው ወር የአንዷን ሟች ቀኝና ግራ ተሳስተውባቸው ነበር። እኔ ነኝ ያቃናሁት።»

ይህ እውነት ነው። የኋለኛው እውነት ነው።

እማማ ካፉር አልተቆጡም። ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ሳይጠየቁ። ተነሱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙ፤ እንደ በፊቱ ሊመርቁኝ መሰለኝ፣ ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

«ስሞት፣» አሉ፣ «አንቺ እንዳታጥቢኝ።»


ረጀብ 29፣ ሐሙስ

ቁልፉ ከባድ አይደለም። ከባድ ይመስለኝ ነበር።


ሻዕባን 1፣ ዓርብ

ዛሬ ሰልፍ ላይ። ኢማሙ እንደ ሁልጊዜው «ሰልፋችሁን አቃኑ፣ ክፍተቱን ሙሉ» አሉ። ትከሻ ለትከሻ መቆም ነው ደንቡ። እማማ ካፉር በሦስተኛው መስመር ቆሙ። በቀኛቸው ያለችው አንድ እርምጃ ሸሸች። በግራቸው ያለችውም። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሰው የሚያክል ባዶ። እኚያ ጥርስ የሌላቸው፣ ባለፈው ያሳቁን፣ ምንጣፉን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ክፍተቱን ሙሉ» አሉ ኢማሙ ደግመው። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ምን ያውቃሉ።

እኔ ከኋላቸው ነበርሁ። አንድ እርምጃ ወደፊት ብል ይሞላል። አንድ እርምጃ።

ሱጁድ ላይ ተረከዛቸውን አየሁት። ተሰንጥቋል። ቅባት ያስፈልገዋል።


ሻዕባን 2፣ ቅዳሜ

ኢማሙ ቧንቧው ጋ አገኙኝ። ውሃውን ራሳቸው ዘጉት።

«ሳጥኑ ውስጥ የገባው ጥያቄ በሰማያዊ ወረቀት ነበር» አሉ። «የከፈን መጠቅለያ።»

«ሰው ሁሉ ያገኘዋል፣ ኢማም።»

«ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

እርጥብ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ።

«ተመልሰሽ ብትናገሪ ማንም እዚህ አይነቅፍሽም። እኔ አለሁ።»

«የምናገረው የለኝም።»

ጥሩ ሰው ናቸው። ጥሩ ሰው ያስፈራኛል። ክፉ ሰው ቢያንስ የሚፈልገውን ወስዶ ይሄዳል።


ሻዕባን 5፣ ማክሰኞ

ከሱቁ ሁለት ጥቅል መጣ። ነጩ ለመስጂዱ። ሌላው ሰማያዊ፣ የሚያንጸባርቅ፣ የሰርግ ጨርቅ። ወረቀት ተለጥፎበታል፦ ለእትዬ።

መመለስ ነበረብኝ።

ፊቴ ላይ አድርጌ በመስታወት አየሁት። መልኬን ያወጣዋል።


ሻዕባን 9፣ ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ ልትለካኝ መጣች። ሰማያዊውን እሷ ነው የምትሰፋልኝ። መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ። ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ ወገቤን ለካች። ሰው እጁን ካሳረፈብኝ ስንት ዘመኔ ነው። የእሷ እጅ ሞቃት ነው። እኔ የለመድሁት ሌላ ነው።

«ትዝ ይልሻል?» አለች። «ከፈኑን ዘምዝሜው?»

ትዝ ይለኛል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ስፌት እንደተማረች ሰሞን፣ ልትረዳን ብላ አንድ ሙሉ ከፈን ጠርዙን ዙሪያውን ዘምዝማ አመጣች፣ በጥቃቅን ስፌት፣ አንድም ሳይዛነፍ። እማማ ካፉር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ከፈን አይዘመዘምም፣ የኔ እናት። የሚዘመዘመው እንዳይተረተር ነው። እዚያ ቢተረተር ማን ያየዋል!» ስፌቱን ስንፈታው አመሸን።

«እሳቸውን እወዳቸው ነበር» አለች። መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትቆጪኝ።»

«ጠይቂ።»

«እንዴት ነበረች?»

«ማን?»

«ታውቂያለሽ ማን።»

በሩ ክፍት ነበር። ደጅ ላይ ሰው የለም። ነጩ ጥቅል ጥግ ላይ ቆሟል።

«ንጹሕ ነበረች።»

«እንደሱ አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«ንጹሕ ነበረች አልሁሽ። ፊቷ ፈገግ ያለ ነበር።»

ትከሻዋ ወረደ። በረጅሙ ተነፈሰች፣ አፏን ሸፍና ሳቀች፣ አቀፈችኝ። «ዕረፍት አላገኘሁም ነበር እኮ! እማማ አርጅተው ነው፣ አይደል?»

«አርጅተው ነው።»

ፊቷ ፈገግ ያለ አልነበረም። መንጋጋዋን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ክንዷን ስታነሳ እጅጌዋ ተሰበሰበ። አንጓዋ ላይ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሱ ነው።» እጅጌዋን ጎተተችው። «ሱቅ ውስጥ ሲጫወት። እጁ ከባድ ነው፣ አይታወቀውም።»

ሁለት ቀን የሆነው ነው። ቀለሙን አውቀዋለሁ።

ያልሁት ይህንን ነው፦ «ኒካህ ሳይታሰር እጅሽን ለምን ሰጠሽው? አታፍሪም?»

አፈረች። ጉንጯ ቀላ። ሜትሯን ጠቅልላ ሄደች።

የጠየቀችኝ ስለ ሟቿ ነው። ስለ እሱ አይደለም። ስለ ሟች ከተጠየቅሁ መሸፈን አለብኝ። ይህን ማንም ዐዋቂ ይነግራችኋል።


እዚያው ቀን፣ ማታ

መጻፍ ያለብኝ ሌላ ነገር አለ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እህቴ ይህችኑ ልጅ አርግዛ ሰባት ወሯ ነበር። እኔ ገና መፈታቴ ነው፣ መካን ተብዬ። ቤቷ ሄድሁ። ወጥ ቤት ሴቶች ነበሩ። ልጁ ተራገጠ ብላ ጮኸች፤ ሁሉም እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ፤ እኔም እጄን ዘረጋሁ።

«እሷ አትንካኝ» አለች። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለሌሎቹ። «ደረቅ እጅ ያደርቃል።»

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ምን አደርግበታለሁ፤ ከድስቱ ላይ ክዳን አነሳሁበት፣ ለዚያ የዘረጋሁት እንዲመስል።

ይህ ከአሁኑ ነገር ጋር አይገናኝም። ስለመጣብኝ ነው የጻፍሁት።


ሻዕባን 13፣ ረቡዕ

ልነግራት ወጣሁ። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከሱብሂ በኋላ ተነሳሁ፤ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብሁ፤ መንገዱን በሙሉ ቃሉን እየደገምሁ ሄድሁ። ይህ ሰው አይሆንሽም። ይህ ሰው አይሆንሽም። ሦስት ቃል ነው፤ አራት ነው። ዳቦ ቤቱን አለፍሁ፣ ፋርማሲውን አለፍሁ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል።

የከፈተችው እህቴ ናት። ከፈት አድርጋ፣ በትከሻዋ ሞልታው ቆመች።

«ምን ሆነሽ በጠዋቱ?»

«ልጅቷን ላነጋግራት።»

«አሁን አይሆንም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ለእኔ ያሰበች መስላ። «አትቀየሚኝ እንግዲህ። ሙት የነካ እጅ ሰርግ ሳይወጣ ሙሽራ ቤት ባይገባ ይሻላል። ገድ አይደለም። ሰው ያወራል።»

«ጥቂት ቃል ናት።»

«ለእኔ ንገሪኝ፣ እነግርልሻለሁ።»

ከውስጥ የስፌት መኪናው ቆመ። «እማዬ፣ ማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ማንም!» አለች እህቴ።

የስፌት መኪናው እንደገና ሄደ።

እህቴን አየኋት። ጠጉሯ ሽበት ጀምሮታል፤ ሂና ተቀብታዋለች። እየተጠባበቀች ነው፣ ቃሉን እንድሰጣት። አፌን ከፍቼ፣

«ሰማያዊው ልብስ ወገቡ እንዳይጠብ በያት» አልሁ።

«ወይ አንቺ!» ሳቀች። «በስተርጅና!»

ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልጻፈው። ዳቦ ገዛሁ። ሄጃለሁ፣ ተከልክያለሁ። አላህ ያያል፣ ሄጃለሁ።


ሻዕባን 15፣ ዓርብ

ኢማሙን ጉንፋን ያዛቸው አሉ። ኒካሁን የሌላ አጥቢያ ኢማም ያስራል። ዛሬ ግን ኹጥባ አድርገዋል፤ ድምፃቸው እንደ ደወል ነበር።

እማማ ካፉር አልመጡም። በሦስተኛው መስመር ባዶው አንድ ሆነ። ማንም አልቆመበትም።


ሻዕባን 17፣ እሑድ፣ ከኢሻ በፊት

ሆነ።

እህቴ አትምጣ ብላ ነበር። ነጋዴው ነው የላከብኝ፦ «እትዬ ሳይመጡ አይጀመርም፣ የቤታችን አማና ናቸው» አለ አሉ። ሰማያዊውን ለበስሁ። ጠርዙ በጥቃቅን ስፌት ተዘምዝሟል፣ አንድም ሳይዛነፍ።

ሙሽራዋን ከሱቁ በላይ ወዳለው ቤት ካወጧት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርሁ። ደረጃው ጠባብ ነው። የልብሷን ጫፍ ይዤላት ወጣሁ። ሴቶቹ እልል ብለው፣ ተቃቅፈው፣ ቀልደው ወረዱ። እህቴ ስትወርድ ጆሮዬ ሥር «አየሽ?» አለችኝ። ምኑን እንዳየሁ አልነገረችኝም።

ነጋዴው ቤቱን አሳየኝ። ለምን እኔን? «እዚህ ሳሎን። እዚህ የልጅቷ መኝታ። ይኼ መታጠቢያ ቤት።» መብራቱን አበራ። ሸክላው ነጭ ነው። ከወለሉ ላይ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ፣ አዲስ፣ ዋጋው ገና ያልተነሳ። «አሁን አያዳልጥም» አለ። ፈገግ ብሎ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ከእንግዲህ ቤተሰብ ነን፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ።

ልጅቷ፣ የአራት ዓመቷ፣ የመኝታው በር ጋ ቆማ ነበር። አዲስ ጫማ አድርገውላታል፣ ግራና ቀኙን አዛብታዋለች። ሙሽራዋ ተንበርክካ ታስተካክልላት ነበር። ልጅቷ ጫማዋን ትታ እኔን ታያለች። እጄን ነው የምታየው።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አለች።

«እኔም አውቅሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አንቺ አጣቢዋ ነሽ።»

«አዎ።»

ወደ ሙሽራዋ ዞር አለች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«እሷንም ልታጥቢያት ነው የመጣሽው?»

ነጋዴው ሳቀ። «ልጅ!» አለ። እጁን ልጅቷ አንገት ላይ አሳረፈ፣ በቀስታ፤ አራት ጣት በአንድ በኩል፣ አንድ በሌላው። ልጅቷ ዝም አለች፣ ወዲያው፣ እንደ ተዘጋ ቧንቧ።

የእህቴ ልጅ አልሳቀችም። እንደተንበረከከች ቀና ብላ እጁን አየች፣ የላስቲኩን ምንጣፍ አየች፣ ከዚያ እኔን። አፏን አልሸፈነችም።

«አክስቴ?» አለች።

ወደ ኋላ እያልሁ ከደረጃው አፋፍ፣ ከቤቱ በር ደርሼ ነበር። ከታች ሴቶቹ ይጠሩኛል።

«አክስቴ?»

በሩ ተዘጋ። እጀታው በእኔ እጅ ነበር።